ቀለሁን ማን ሠራው?

(ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጥይት ነው። አትደንግጡ፣ "ተነሥ ታጠቅ" ልላችሁ አልመጣሁም። የማወራው ስለ አንዲት ቀለህ፣ ስለ ሁለት ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ፣ በመጨረሻም ስለ ራሳችን ነው።

እስቲ ስልካችሁን ክፈቱ። ክላሽ ያነገተ ወጣት፣ ዝናር የታጠቀ ወጣት፣ ከሥሩ "ጀግና!" የሚል መቶ አስተያየት። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውንም ታውቁታላችሁ። መሣሪያ በባህላችን ክብር አለው፣ አልክድም። ግን ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን ቀለህ ማን ሠራው? ርዝመቱ ለምን 39 ሚሊ ሜትር ሆነ? ባሩዱን ማን ቀመመው? መልሱን ካላወቅክ ትከሻህ ላይ ያለው የሌላ ሰው እውቀት ነው። ባለቤቱ "በቃ" ያለ ቀን ዱላ ይሆንብሃል።

አሁን የዚችን የክላሽ ቀለህ ታሪክ ስሙኝ። ሶቪየቶች የነደፏት በ2ኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከጦርነቱ በኋላ የራሳቸው ሰዎች አፏን አጥብበው ትንሽ አረር አጎረሷትና ለስፖርት አዋሏት፤ የሚሮጥ አጋዘን ምስል ለሚተኮስበት ውድድር ማለት ነው። ይህች የስፖርት ቀለህ አሜሪካ ገባች። እዚያ ሁለት ሰዎች እጅ ወደቀች። አንዱ ሉ ፓልሚሳኖ የሚባል የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነው። ሌላው ፌሪስ ፒንዴል፣ በእኛ አነጋገር የቶርኖ ሰው፣ ብረት ቆርጦ ቅርጽ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። መንግሥት አላዘዛቸውም፣ ፋብሪካም አልቀጠራቸውም። ሥራው የትርፍ ጊዜ ፍላጎታቸው ነበር።

አሜሪካኖች እንዲህ ዓይነቱን የግል ፈጠራ "ዋይልድካት" ይሉታል፤ የዱር ድመት እንደ ማለት ነው። የትኛውም ፋብሪካ ያልመዘገባት፣ አንድ ሰው ከነበረ ቀለህ አሻሽሎ ያወጣት ጥይት ናት። ሁለቱ ሰዎችም የቀለሁን ገላ አሰፉት፣ ትከሻውን ቀጥ አደረጉት፣ አፉን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ከፈቱት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ባሩዱ አጭርና ወፍራም ሆኖ ከተቀመጠ አነዳዱ ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ብዙ አይለያይም። እ.ኤ.አ. በ1975 ከስማቸው ፊደል ወስደው "6 ሚሊ ሜትር ፒፒሲ" አሏት። ከዚያ ምን ሆነ? ከጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በሚተኮስበት፣ ዓላማው 5ቱም ጥይት በአንድ ቀዳዳ እንዲገባ በሆነበት ውድድር ለአሥርተ ዓመታት ነገሠች። በኋላ ሳኮ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ራሱ ማምረት ጀመረ።

ልብ በሉ! ያው የክላሽ ዘር ነው። አንዱ አገር ለሠርግ ይተኩሰዋል፤ ሌላው አገር አንድ ሐኪምና አንድ የቶርኖ ሰው የዓለም ምርጥ አነጣጣሪዎች የሚመርጡትን ነገር አወጡበት።

ታዲያ ምስጢራቸው ምንድን ነው? እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ሁለት ነገር ከለወጠ ለውጤቱ ተጠያቂው የትኛው እንደሆነ አያውቅማ! ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ሸካራ መለኪያ ነው፤ እነሱ የሚለኩት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። እያንዳንዱን ተኩስ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፣ የከሸፈውንም ጭምር። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ አያዳላም። "እኔ እኮ የእገሌ ልጅ ነኝ" ብትለው አይሰማህም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ይህ ጉዳይ ለእኛ ጨዋታ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀለጡት "ስጡኝ" እያሉ መኖር ስለመረራቸው ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ግን የእንግሊዝ ወታደር ከኋላ የሚጎርስ ሰናድር ይዞ ጠበቀ። የንጉሡ ሰው ጀግንነት አልጎደለውም፤ ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያው ወደቀ። የጎደለው ቴክኒክ ነው።

ዓድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከአባቶቻችን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው "ፊዚ ግራ" የመጣ ነው፤ የ1874 ሞዴል፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር። ጥይቱ ከመወደዱ የተነሣ በብዙ ገበያ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ጥይት ገንዘብ የሚሆነው እኮ አገር ውስጥ የማይሠራ ብርቅ ሲሆን ነው!

ፈረንሳዮች በዚያው ቀለህ ምን አደረጉ? ጭስ አልባ ባሩድ በ1884 እ.ኤ.አ. ስላገኙ የውጅግራውን ቀለህ አፍ ከ11 ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጥብበው በ1886 ሌቤል የሚባለውን ጠመንጃ አወጡ። በጥድፊያ የተሠራ ስለነበር ቅርጹ ከታች በጣም ወፍራም፣ ከላይ ቀጭን ሆነ። 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1ኛው የዓለም ጦርነት፣ ለዚያ ቀለህ ሲባል የሾሻ መትረየስ ካዝና ግማሽ ጨረቃ መምሰል ግድ ሆነበት፤ ወታደሩም በመጨናነቁ ተማረረ። የሚሠሩትም ይሳሳታሉ ማለት ነው። ግን ስሕተታቸውን ራሳቸው ያርማሉ፤ የሚገዛ ሕዝብ የሌላውን ስሕተት ጭምር ይገዛል።

በ1928 ዓ.ም. ወረራ ዋዜማ ብሪታኒያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። "ለሁለቱም" ሲባል ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ጣሊያን ግን የራሱ ፋብሪካ ነበረው። የእኛ አባቶች እጅ ላይ የነበረው ከየአገሩ የተለቀመ፣ የአንዱ ጥይት ለሌላው የማይሆን ጠመንጃ ነበር። ዝናሩ ሙሉ ሆኖ ጠመንጃው ባዶ የሆነበት ሰው ምን ይሰማው ይሆን?

ዛሬ አምቦ አካባቢ ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ አለን፤ ጋፋትም ስሙ ለመሣሪያ ፋብሪካችን ተሰጥቷል። ደስ ይላል። ግን ፋብሪካ ያለ ሰው ግድግዳ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። "እሺ፣ ቤቴ ውስጥ ጥይት ልሞክር" የሚል ካለ አልገባውም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት ወንጀል ነው። ከሕጉም በላይ፣ ጥይት ሲተኮስ በቀለሁ ውስጥ ያለው ግፊት ከ3000 አትሞስፌር ይበልጣል፤ የጀማሪ ግምት ዓይንና ጣት ይወስዳል። ከሁለቱ አሜሪካውያን የምንወስደው ልምዳቸውን ነው፤ ጥይቷን ለእነሱ እንተውላቸው።

እናስ? ሰፈርህ ያለው ቶርኖ ቤት ግባ፣ ካሊፐር መያዝ ተማር። አንቺ የፊዚክስ ተማሪ፣ ከብየዳ ሠራተኛው ጋር ቁጭ በይ፤ ሐኪሙና የቶርኖው ሰው አብረው ባይቀመጡ ኖሮ ያች ጥይት አትወለድም ነበር። የውኃ ፓምፕ ይሁን፣ የወፍጮ ጥርስ ይሁን፣ የትራክተር መለዋወጫ ይሁን፣ ከውጭ የምናመጣውን አንድ ነገር ምረጡ። ፍቱት፣ ለኩት፣ ጻፉት። አንድ ነገር ብቻ ለውጡና እንደገና ሞክሩ። ከክላሹ ፎቶ ይልቅ የመዝገባችሁን ገጽ ፎቶ ለጥፉልን፤ "ጀግና!" ብዬ መጀመሪያ የምጽፈው እኔ ነኝ።

አገር የምትወደድ በሚያነግታት ብቻ አይደለም፤ በሚሠራላትም ነው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!