ኮምፓይለሩ ያላየው ኮድ



ርእሴ ጠባብ ነው፤ ይኸውም በሲ ቋንቋ በሚጻፍ የሥርዓተ ክወና ከርነል ውስጥ «ኢፍዴፍ» የተባለው ትእዛዝ እንዴት ሊያዝ እንደሚገባው ነው። ምሳሌዬ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ከተንቀሳቃሽ ስልክ እስከ ታላላቅ ሰርቨሮች ድረስ ከአንድ ምንጭ ኮድ ስለሚገነባ፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ አማራጮቹ ከ10,000 በላይ ናቸው።

አንድ አማራጭ ሲዘጋ፣ በኢፍዴፍ የታጠረው ኮድ ኮምፓይለሩ ዘንድ ሳይደርስ ይቆረጣል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ባልደረባ የፈንክሽን ስም ሲለውጥ በእርሱ ማሽን ሁሉም በሰላም ያልፋል፤ ከወራት በኋላ ያንን አማራጭ የከፈተ ሌላ ሰው ግን ከርነሉን መገንባት ይሳነዋል። ሁሉንም ጥምረት እንሞክር ቢባል፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ 20 አማራጮች ብቻ 1,048,576 ጥምረቶች ይወጣቸዋል፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው! በዕጣ እየመረጡ መሞከር ይረዳል፤ ሆኖም ዕጣ ምን ጊዜም ዕጣ ነው።

ሄንሪ ስፔንሰርና ጄፍ ኮሊየር ኢፍዴፍን የሚነቅፍ ጽሑፍ ለዩስኒክስ ጉባኤ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። የሊኑክስ የአጻጻፍ መመሪያም ኢፍዴፍ በሲ ፋይሎች ውስጥ እንዳይበተን፣ ይልቁንም በሄደር ፋይል እንዲሰበሰብ ይመክራል። አማራጩ ሲከፈት ሄደሩ እውነተኛውን ፈንክሽን ያስተዋውቃል፤ ሲዘጋ በዚያው ስም ባዶ «ኢንላይን» ፈንክሽን ያቀርባል። ጠሪው ኮድ ልዩነቱን ሳያውቅ ሁልጊዜ ይጠራዋል፤ ባዶውንም ኮምፓይለሩ ስለሚያጠፋው ፍጥነት አይቀንስም። ባዶ ማክሮ አይበቃምን የሚል ቢኖር፣ ማክሮ የሚቀበላቸውን እሴቶች ዓይነት አያስመረምርም፤ ፈንክሽን ግን ያስመረምራል።

በፈንክሽን ውስጥ መወሰን ግድ ሲሆን፣ «ኢዝ ኢነብልድ» የተባለው ማክሮ በተራ የ«ኢፍ» ትእዛዝ ውስጥ ይገባል። ኮምፓይለሩ የታጠረውንም ኮድ አንብቦ ሰዋስውንና ዓይነትን ከመረመረ በኋላ የማይፈለገውን ይጥላል። አማራጩ ሲዘጋ ከነጭራሹ የማይኖር የስትራክቸር አባል በኮዱ ውስጥ ከተጠቀሰ ግን ዘዴው አይሠራም፤ እዚያ ኢፍዴፍ አይቀሬ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን መስመር ከመሸራረፍ ሙሉውን ፈንክሽን ማጠር ይሻላል እላለሁ። በ«ኤንዲፍ» ጎንም የአማራጩ ስም በማስታወሻ ይጻፍ፤ ከሦስት ገጽ በታች ያለ ኤንዲፍ የየትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?

የቆየ ኮድ ለማጽዳት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የአማራጮቹን ዝርዝር ይመልከት። ስሙ ከዝርዝሩ የተሰረዘ፣ ኢፍዴፉ ግን በኮዱ ውስጥ የቀረ አማራጭ አይጠፋም፤ እርሱን ወደ ሄደር ማዛወር ድካም ብቻ ነው፣ ይቆረጥ።