የኬልቶች ቅርስ ለዛሬ ሰው ምኑ ነው?

(በማኅበራችን የንግግር ምሽት የቀረበ)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በለጠፍን ጊዜ አንድ ጓደኛችን ቆም ብሎ አነበበና፥ «የገዛ ቤታችሁን ቅርስ ጠንቅቃችሁ ሳታውቁ የኬልት ቅርስ ምን አስጨነቃችሁ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በሣቅ ልናልፈው አልወደድንም። ይህ ንግግር በሙሉ ለእርሱ የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምንጠቅስ አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ኬልት የምንለው ማንን እንደ ሆነ እንወስን። የጥንት ግሪኮች ከአልፕስ ተራሮች ወዲያ ማዶ ይኖሩ የነበሩትን ሕዝቦች «ኬልቶይ» ይሏቸው ነበር። በብሪታንያና በአየርላንድ ደሴቶች ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ግን በዚያ ዘመን በዚህ ስም መጠራታቸውን የሚያሳይ ጽሑፍ አልተገኘም። ስሙ ወደ እነርሱ የተሻገረው ብዙ ቆይቶ ነው፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ኤድዋርድ ሉይድ የተባለ የዌልስ ሊቅ በ1707 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋዎቻቸው ዘመዳሞች መሆናቸውን ማሳየቱ ነው። ዛሬ የኬልት ቋንቋዎች የሚባሉት ስድስት ናቸው፤ እነርሱም አየርላንድኛ፥ የስኮትላንድ ጌሊክ፥ ማን በምትባለው ደሴት የሚነገረው ማንክስኛ፥ ዌልስኛ፥ በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለው የኮርንዎል ቋንቋና በፈረንሳይ አገር በብሪታኒ የሚነገረው ብሬቶንኛ ናቸው። እንግዲህ ኬልትነት ዛሬ ከሁሉ በፊት የቋንቋ ጉዳይ እንጂ የደም ጉዳይ አለመሆኑን ልብ እንበል።

ነገር ግን ኬልት ነኝ ማለት የሚያስደስተው ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። አንዱ የተጠላለፈ ሐረግ የተቀረጸበት መስቀል በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ሌላው በገና መምታት ይማራል፤ ሦስተኛው አያቶቹ በ1840ዎቹ የአየርላንድ ረሃብ ጊዜ ተሰደው አሜሪካ የገቡ ስለ ሆነ የትውልድ ሐረጉን ይቆጥራል። በብሪታኒ ውስጥ በሎሪያን ከተማ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የኬልት አገሮች የሙዚቃ በዓል ይደረጋል። ይህን ሁሉ የምናየው በአክብሮት ነው፤ ሆኖም ከዚህ የሚማርክ መልክ ውስጥ ምን ያህሉ ጥንታዊ፥ ምን ያህሉ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ እንደ ሆነ መጠየቅ የተማሪ ግዴታ ነው።

ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። በ1760ዎቹ ጄምስ ማክፈርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ፥ ኦሲያን የሚባል የጥንት ባለቅኔ ግጥሞችን አግኝቼ ተረጐምሁ ብሎ አሳተመ። አውሮፓ በሙሉ ተደነቀ፤ ናፖሊዮን ሳይቀር ወደደው። ሊቁ ሳሙኤል ጆንሰን ግን ገና በዚያን ጊዜ አላምንም አለ። በኋላ ሲመረመር ማክፈርሰን በሕዝብ አፍ ከሚነገሩት እውነተኛ ግጥሞች ጥቂት ወስዶ አብዛኛውን ራሱ የጻፈው ሆኖ ተገኘ። እንደዚሁም በ1792 ዓ.ም. ዮሎ ሞርጋኑግ የሚባል የዌልስ ሰው በሎንዶን አንድ ጉብታ ላይ የባለቅኔዎች ሥርዐት አደረገና ከጥንት ጀምሮ የወረደ ነው አለ። ሥርዐቱ የእርሱ የራሱ ድርሰት ነበር። የሆነው ሆኖ ዛሬም በዌልስ ብሔራዊ የቅኔና የሙዚቃ ጉባኤ፥ አይስቴድቮድ በሚባለው ላይ፥ በክብር ይፈጸማል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፈጠራ ከሆነ የቀረው ምንድር ነው? የሚል ይኖራል። የቀረውን ለማሳየት አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

በዌልስ ተራራ አካባቢ ሄድ ዊን በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ አንድ የገበሬ ልጅ ነበረ። የአባቱን በጎች ይጠብቅ፥ ቅኔም ይገጥም ነበር። የዌልስ ቅኔ ክንግሃኔድ የሚባል ጥብቅ ሕግ አለው፤ በአንድ ስንኝ ውስጥ የፊተኛው ክፍል ድምፆች በኋለኛው ክፍል በተወሰነ ሥርዐት መመለስ አለባቸው። በአገራችን በቅኔ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው እንዲህ ያለው ሕግ ምን ያህል ሌሊት እንደሚያስቈጥር ያውቀዋል። ሄድ ዊን ለ1917 ዓ.ም. አይስቴድቮድ ቅኔውን ከላከ በኋላ፥ ሐምሌ 31 ቀን በቤልጂክ ጦር ሜዳ ሞተ። በመስከረም ወር ጉባኤው ተሰብስቦ የአሸናፊው የብዕር ስም ሲጠራ የሚነሣ ጠፋ። ባለቅኔው መሞቱ ተነገረና ለአሸናፊው የተዘጋጀው ወንበር በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፤ ኋላም ወደ ወላጆቹ የእርሻ ቤት ተላከ። እኛን የማረከን ይህ ነው። የዮሎ ሥርዐት ፈጠራ ሊሆን ይችላል፤ ግን በጎች ሲጠብቅ የዋለ ወጣት በእናቱ ቋንቋ እስከ መጨረሻው የጥበብ ደረጃ መውጣት እንደሚችል ማወቁና ሕዝቡም ይህን ማክበሩ ፈጠራ አይደለም።

አሁን ወደ መራራው ነገር እንምጣ። እነዚህ ቋንቋዎች እንዴት ተዳከሙ? ሰይፍና ሕግ ድርሻ ነበራቸው፤ ለምሳሌ በ1536 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ዌልስኛ ብቻ የሚናገር ሰው በዌልስ አገር በመንግሥት ሥራ እንዳይሾም ከልክሏል። በአየርላንድም በ1845 ዓ.ም. የጀመረው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲገድል ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል አሰደደ፤ ከሁሉ የበለጠ የተጐዱትም አየርላንድኛ የሚናገሩት ድሆች ነበሩ። ግን ከሰይፍና ከረሃብ ሌላ አንድ ጸጥ ያለ መሣሪያ ነበረ፤ እርሱም እፍረት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በአንዳንድ የዌልስ ትምህርት ቤቶች፥ ዌልስኛ ሲናገር በተሰማ ልጅ አንገት ላይ አንዲት እንጨት ትንጠለጠል ነበር። ልጁም ሌላ ጓደኛው ዌልስኛ ሲናገር ሲሰማ እንጨቷን ያስተላልፍለታል። በቀኑ መጨረሻ እንጨቷ የተገኘችበት ልጅ ይገረፋል። በአየርላንድም በብሪታኒም ይህን የመሰለ ቅጣት ነበረ። ልብ በሉ፤ በዌልስ ይህን እንዲያደርጉ መምህራኑን ያዘዘ የመንግሥት ሕግ አልነበረም። ብዙዎቹ መምህራን የአገሩ ተወላጆች ነበሩ፤ ወላጆችም ልጃችን እንግሊዝኛ ዐውቆ እንጀራ ይብላ ብለው ተስማምተዋል።

ይህን ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን ዘግተን እርስ በርስ ተያየን። ምክንያቱም ከመካከላችን ጥቂቶቻችን በተማርንበት ትምህርት ቤት፥ በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ አንዲት የካርቶን ቁራጭ ትሰጠው ነበር፤ እርሱም ለሌላው ያስተላልፋል፤ ማታ በእጁ የተገኘችበት ይቀጣል። መምህራኖቻችን ክፉዎች አልነበሩም፤ ይጠቅማቸዋል ብለው ያደረጉት ነው፤ እንግሊዝኛውም ጠቅሞናል። ነገር ግን ከእንግሊዝኛው ጋር ሁለት ሌሎች ትምህርቶችን ተማርን፤ አንደኛው የጓደኛን አፍ መሰለል፥ ሁለተኛው በእናት አፍ ማፈር። ከእኛ አንዱ እናቱ ከገጠር ስንቅ ይዛ በመጣች ጊዜ ጓደኞቹ አነጋገሯን እንዳይሰሙ ከበሩ ውጭ አቁሞ በሹክሹክታ አነጋግሮ መልሷታል። ይህን ሲነግረን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ለጓደኛችን ጥያቄ የመልሳችን ግማሽ ይህ ነው፤ ስለ ኬልቶች ስናነብ ስለ ራሳችን እፍረት አነበብን።

የቀረው ግማሽ ደግሞ እነዚህ ሰዎች እፍረቱን እንዴት እንደ ጣሉት ነው። ዳግላስ ሃይድ የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ሲሆኑ አየርላንድኛን የተማሩት በልጅነታቸው ከሰፈራቸው ገበሬዎች ነው። በ1893 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር የጌሊክ ማኅበርን መሠረቱ፤ በ1938 ዓ.ም. የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዌልስም በ1962 ዓ.ም. ሶንደርስ ሉዊስ የተባሉ ደራሲ በራዲዮ ንግግር አድርገው ቋንቋው ሊጠፋ እንደሚችል አስጠነቀቁ፤ በዚያው ዓመት ለቋንቋው የሚታገል ማኅበር ተቋቋመ። መንግሥት የዌልስኛ ቴሌቪዥን አቆማለሁ ብሎ ቃሉን ባጠፈ ጊዜ፥ ግዊንቮር ኤቫንስ የተባሉ የፖለቲካ ሰው በ1980 ዓ.ም. እስክሞት እጾማለሁ አሉ። መንግሥት ወደ ቃሉ ተመለሰ፤ ጣቢያውም በ1982 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የማን ደሴት ነገር ነው። ማንክስኛን በልጅነታቸው ከቤት ከተማሩት ሰዎች የመጨረሻው ኔድ ማድረል በ1974 ዓ.ም. ሞቱ። ሆኖም ከመሞታቸው በፊት ወጣቶች ወደ እርሳቸውና ወደ ሌሎች ሽማግሌዎች እየሄዱ ሲማሩና ድምፃቸውን ሲቀዱ ነበር። ከእነዚያ ተማሪዎች ሌሎች ተማሩ፤ በ2001 ዓ.ም. ሁሉን ትምህርት በማንክስኛ የሚሰጥ የሕፃናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ ማንክስኛን ከሞቱት ቋንቋዎች ጋር በመዘገበው ጊዜ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ደብዳቤ ጻፉ፤ ቋንቋችን ከሞተ እኛ የምንጽፈው በምንድር ነው? ሲሉ ጠየቁ። ዩኔስኮም መዝገቡን አስተካከለ።

ድሉ ሙሉ ነው ብለን ግን አናታልላችሁም። በዌልስ በ1901 ዓ.ም. ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዌልስኛ ይናገር ነበር፤ በ2021 ዓ.ም. የተቈጠረው 538 ሺህ ያህል፥ ማለት ከመቶ 17.8 ብቻ ነው። በአየርላንድ በ2022 ዓ.ም. ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ቋንቋውን እንችላለን ብለዋል፤ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገሩት ግን 72 ሺህ ያህል ናቸው። ይህም የሚያስተምረን፥ መንግሥት ሕግ ሊያወጣ፥ ትምህርት ቤትም ሊያስገድድ ይችላል፤ ነገር ግን በምሳ ጠረጴዛ ላይ ቋንቋውን የሚናገረው ሰውየው ራሱ ካልፈቀደ ሕጉ ወረቀት ሆኖ እንደሚቀር ነው።

ሌላም የምንፈራው ነገር አለ። ቅርስን መውደድ ጎረቤትን ወደ መጥላት ሊለወጥ ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከብሬቶን ብሔርተኞች ጥቂቶቹ ከናዚ ጀርመን ጋር ተባብረዋል፤ ይህም ለብዙ ዓመታት የቋንቋውን ወዳጆች ሁሉ ስም አጐደፈ። ስለዚህ ቅርስን በደም የሚለካ ሰው ሲመጣ መጠንቀቅ ይገባል። ሃይድ ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር አልጠቡትም፤ ተማሩት እንጂ። በማን ደሴት ያሉት ልጆችም እንደዚሁ ናቸው። የእኛ ድምዳሜ እንግዲህ ይህ ነው፤ ቅርስ እንደ መሬት ርስት ተቀምጠው የሚወርሱት ሳይሆን፥ ለፍቶ ለተማረው ሁሉ የሚከፈት ቤት ነው። የኬልቶች ነገር ዛሬ የሚማርከውም ስለዚህ ነው፤ የጠፋ መስሎ የነበረን ነገር ተራ ሰዎች ከሥራ በኋላ ደብተር ይዘው እየተቀመጡ እንዴት እንደ መለሱት ያሳያል።

ጓደኛችን ሆይ፥ እንጀራ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው ትለን ይሆናል። እውነት ነው። የዌልስ ልጆችም እንግሊዝኛን አልተዉም፤ የተዉት እፍረቱን ነው። የራሳችንን ቅርስ ጠንቅቀን አለማወቃችንም እውነት ነው፤ ይህን የነገረን ግን የሰው አገር ታሪክ ስለ ሆነ ለታሪኩ ባለዕዳዎች ነን።

እንግዲህ ከመምህራኖቻችን አንድ ነገር እንለምናለን፤ ወደ ፊት መምህራን ለምንሆነው ለእኛም ይኸው ይነገረን። እንግሊዝኛን አጥብቃችሁ አስተምሩን፤ የካርቶኗን ቁራጭ ግን አታስይዙን። ከጓደኞቻችን የምንለምነው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ፥ ትግርኛ ይሁን ጉራጌኛ ወይም ሌላ፥ በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ከአያቶቻችን ዘንድ ተቀምጠን የማናውቀውን ዐሥር ቃል እንጻፍ። የማን ደሴት ወጣቶችም የጀመሩት ከሽማግሌዎች አጠገብ በመቀመጥ ነው።