የመሥሪያ ቤታችሁን ፒካፕ ከፍ ከማስደረጋችሁ በፊት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ከሚሠሩ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ደርሶኛል። መሥሪያ ቤታቸው አንድ ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሂሉክስ አለው። ይህ መኪና ወደ ወግዲ፣ ወደ ከላላና ወደ ሳይንት ሲመላለስ ብዙ ዓመት ስለ ኖረ የኋላው ባሌስትራ ተኝቷል፤ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥርም ብረት ከብረት ይጋጫል። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ተፈቅዷል። ሦስት የዋጋ ማቅረቢያም በጠረጴዛቸው ላይ ይገኛል። አንደኛው ከደሴ ጋራዥ የመጣ ሲሆን፣ በነበረው ባሌስትራ ላይ ሁለት ወፍራም ንጣፍ ብረት ልጨምርበት የሚል ነው። ሁለተኛው ከአውስትራሊያ የሚመጣ ሙሉ ዕቃ፣ ይኸውም ባሌስትራውን፣ የፊት ሞላውንና አሞርዛተሩን ሁሉ ለውጦ መኪናውን በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ርካሽ ሆኖ፣ ፋብሪካው ባወጣው መጠን አራቱን አሞርዛተርና ያለቁትን ቡሾች መለወጥ ብቻ ነው። «እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ በየትኛው ላይ ልፈርም?» ይላሉ።

ይህ ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንደዚህ ያለ ወረቀት ለሚቀርብላችሁ ሁሉ መልሱን በዚህ ጊዜ ላቀርብላችሁ አስቤአለሁ። እኔም መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን በሥራ ምክንያት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙ አገር ስለ ዞርኩ፣ በጉዳዩ ላይ መጠየቅና ማንበብ ግድ ሆኖብኛል። ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ።

በ2009 ዓ.ም. በኅዳር ወር ለሥራ ወደ ቦረና ሄጄ ነበር። ቦረና ስል በደቡብ ያለውን ሰፊውን ቦረና ማለቴ ሳይሆን የወሎውን፣ መካነ ሰላም ዋና ከተማው የሆነውን ወረዳ ማለቴ ነው፤ ስሙ አንድ በመሆኑ ደብዳቤ እንኳ ሳይቀር ይሳሳታል። የተሳፈርንበት ፒካፕ ባሌስትራው ላይ አዲስ ንጣፍ የተጨመረለት ነበር። ስንሄድ በካሶኒው ላይ ስምንት ኩንታል ዘር ተጭኖ ስለ ነበር፣ መኪናው እንደ በቅሎ ለስላሳ ሆኖ ሄደ፤ ሁላችንም ጋራዡን አመሰገንን። ዘሩን ከዋናው መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ አራግፈን ባዶውን ስንመለስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጥርጊያው በላዩ የተመላለሰበት መኪና ብዛት እንደ ቆርቆሮ ጣራ ሞገድ አውጥቶ ነበር። የኋላው ጎማ መሬቱን መርገጥ ትቶ ከሞገድ ወደ ሞገድ ይዘል ጀመር። አንድ ኩርባ ላይ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ የመኪናው ጅራት ወደ ጎን ሸሸ፤ ዞረንም ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር ተላተምን። ሹፌሩ ግንባሩ አበጠ፤ ከዚያ በቀር የተጎዳ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ግድግዳው በግራ በኩል ነበር። በቀኝ በኩል የነበረው ገደል ነው።

ያን ዕለት ሹፌሩ ፈጥነሃል ተብሎ ተወቀሰ። ያነሰ ፍጥነት ይሻል እንደ ነበር አልክድም። ዳሩ ግን ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በሌላ መኪና ብዙ ጊዜ ሄዶበታል። የተለወጠው ባሌስትራው ነበር።

እንግዲህ የዕቃዎቹን ሥራ እንለይ። ባሌስትራና ሞላ ክብደት ይሸከማሉ። አሞርዛተር ግን ክብደት ለመሸከም የተሠራ አይደለም፤ የእርሱ ሥራ ሞላው ተጨቁኖ ሲመለስ የሚያደርገውን መንጠር ማብረድ ነው። በውስጡ ዘይት አለ። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የመንጠሩ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ረጅም ሸካራ መንገድ ከተሄደ በኋላ አሞርዛተርን በባዶ እጅ የነካ ሰው ይቃጠላል። በጣም ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፤ በርካሹ ዓይነት ደግሞ ከውስጡ ካለው አየር ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ይሆናል፤ አረፋም የሚገታው ነገር የለም። ጥሩ የሚባሉት አሞርዛተሮች ዘይቱ አረፋ እንዳያወጣ ናይትሮጅን የተባለ ጋዝ በግፊት ይሞላባቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ ባለ አንድ ቱቦ የሆኑት ሙቀትን በፍጥነት ያስወጣሉ፤ ነገር ግን የውጩ ግድግዳ ራሱ የፒስተኑ መንሸራተቻ ስለሆነ፣ ድንጋይ ተወርውሮ ቢያጎደጉደው ወዲያው ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦዎቹ ግን የውጩ ቆዳ ቢጎደጉድም ውስጠኛው ሥራውን ይቀጥላል። ድንጋይ ለበዛበት የወሎ ጥርጊያ እኔ ባለ ሁለት ቱቦ፣ ወፍራም አካልና ጋዝ ያለውን እመርጣለሁ። ብልስታይን፣ ሞንሮ፣ ካያባ፣ ኦልድ ማን ኢሙ ተብለው የሚታወቁት ሁሉ ከአንድ ዓይነት በላይ ስለሚሠሩ፣ የፋብሪካውን ስም መጥቀስ ብቻውን አይበቃም። ከሣጥኑም ይልቅ ዕቃውን ተመልከቱ፤ ተመስሎ የሚሠራ ሣጥን በገበያ አይጠፋም።

አሁን ወደ ተጨመረው ንጣፍ ልመለስ። አንድ ንጣፍ ብረት የሚኖረው ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ ልክ ሳይሆን ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው። የ8 ሚሊ ሜትር ንጣፍ በዚያው ርዝመትና ስፋት በ10 ሚሊ ሜትር ቢለወጥ፣ ዓይን ልዩነቱን በጭንቅ ያየዋል፤ ጥንካሬው ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጋራዡ «ትንሽ ወፈር ያለ ነው» ሲላችሁ ይህን ሒሳብ አስቡ። ባሌስትራው እንዲህ ሲጠነክር የድሮው አሞርዛተር መንጠሩን ሊገታው አይችልም፤ አቅሙ ለቀድሞው ነበርና። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ያህል ጭነት ነው የሚጫነው? ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ የሚፈቀድለት ጭነት እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ8 እስከ 10 ኩንታል ነው። በዚህ ውስጥ ሰዎቹም ይቆጠራሉ። አምስት ሰው በ70 ኪሎ ቢታሰብ 350 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ፣ የሰዎቹ ዕቃና መሣሪያ ሲታከልበት ወደ 4 ኩንታል ይደርሳል። እንግዲህ ለካሶኒው የሚተርፈው 4 ወይም ቢበዛ 6 ኩንታል ነው። እኛ በዚያን ዕለት አምስት ሰው ሆነን ስምንት ኩንታል ጭነን ነበር። የባሌስትራው መጠንከር ጭነቱን የቀለለ አስመሰለው እንጂ አክስሉ፣ ሻንሲው፣ ጎማውና ፍሬኑ የድሮዎቹ ነበሩ። በአውስትራሊያ የመኪናን የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት በእንዲህ ያለ ዕቃ ከፍ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ዕቃው ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ያገኘ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ክብደቱ በሕግ የቀድሞው ነው። ባሌስትራ የሸጠ ነጋዴ ኩንታል ጨምሮ ሊሸጥላችሁ አይችልም።

ከሁሉም ይልቅ ልታስተውሉት የሚገባው፣ በዋጋ ማቅረቢያ ላይ ተጽፎ ያላየሁት ነገር አለ። በብዙ ሂሉክሶች ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ አንድ የፍሬን ኃይል ማከፋፈያ ይገኛል። ሥራውም እንዲህ ነው፤ መኪናው ጭነት ሲይዝ ሻንሲው ወደ አክስሉ ዝቅ ይላል፤ ዘንጉም ይህን ተከትሎ ለኋላው ጎማ ብዙ የፍሬን ኃይል እንዲሄድ ያደርጋል። መኪናው ባዶ ሲሆን ሻንሲው ከፍ ስለሚል፣ የኋላው ጎማ ተይዞ እንዳይንሸራተት ኃይሉ ይቀንሳል። እንግዲህ ባሌስትራውን አጠንክራችሁ ጅራቱን በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብታደርጉት፣ ይህ ዘንግ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ይታለላል። ኩንታሉ ተጭኖ፣ ሰው ሞልቶ፣ የኋላው ፍሬን ግን ለባዶ መኪና የሚሆነውን ያህል ብቻ ይሠራል። የቀረውን ሁሉ የፊቱ ፍሬን ይሸከማል።

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ የሚወርደውን፣ ወደ ጎንደወይን ተሻግሮ ጎጃም የሚገባውን መንገድ የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። የፊቱ ፍሬን ብቻውን ያን ሁሉ ከያዘ ይግላል፤ የጋለም ፍሬን እግር ሲረግጠው ወለሉ ድረስ ይገባል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ቢወርድ ይረዳዋል። ዘንጉ ግን በአዲሱ ቁመት ልክ ካልተስተካከለ ጉድለቱ አይድንም። ማስተካከሉ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከባዱ ማንም የሚያስታውሰው አለመኖሩ ነው።

የከፍታውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የቀድሞዎቹ ሂሉክሶች እንደ ሞዴላቸው ከፊት በባሌስትራ ወይም በሚጠማዘዝ ዘንግ የቆሙ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የመጡት ግን የፊታቸው ሞላ ነው። ባለ 79 ላንድክሩዘር ፒካፕም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ነው። ስለዚህ «ለቶዮታ ፒካፕ» ብሎ ማዘዝ ልኩን ለማያውቁት ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩ በትእዛዙ ላይ ይጻፍ። ፊቱን ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ማንሣት ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን መገጣጠሚያ ከልኩ በላይ አጥፎ በቶሎ ይጨርሰዋል። ከፍ ያለ መኪና በጎን ተዳፋት ላይም በቀላሉ ይገለበጣል። አንዳንድ አለቆች መኪናው ከፍ ሲል ግርማ የሚያገኝ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ምንም አልልም።

እንግዲህ ለመካነ ሰላሙ ጠያቂዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። በመጀመሪያ የመኪናውን የጉዞ መዝገብ አውጥተው ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ስንት ቀን በሰው ብቻ እንደ ሄደ ይቁጠሩ። አብዛኛው ቀን በሰው ብቻ ከሆነ በሦስተኛው ማቅረቢያ ላይ ይፈርሙ፤ በዚያም ላይ የተኛውን ባሌስትራ በፋብሪካው ልክ በአዲስ ማስለወጥን ያስጨምሩ። ይህ ከአውስትራሊያው ዕቃ ይረክሳል። በየቀኑ ማለት ይቻላል 3 ወይም 4 ኩንታል የሚጫን ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን ለ300 ወይም ለ400 ኪሎ የተሠራው ባሌስትራ ይመረጥ እንጂ ከዚያ የበለጠው አይታዘዝ፤ አሞርዛተሩም ከባሌስትራው ጋር የተጣጣመው ይሁን፤ የፍሬኑን ዘንግ ማስተካከልም በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ። አንደኛውን፣ ሁለት ወፍራም ንጣፍ የሚጨምረውን፣ ይመልሱት። ጋራዡ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የተጠየቀውን ነው ያቀረበው። «መኪናው እየተኛ ነው፤ አንሡልን» ብሎ የጻፈለት መሥሪያ ቤቱ ነው።

ለክትባት ማመላለሻ ወይም ለሕመምተኛ ማድረሻ የሚያገለግል መኪና እንደሆነ ደግሞ፣ ጠንካራ ባሌስትራ ጨርሶ አይታሰብ። ወላድ ሴት ከገጠር ቀበሌ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል በእንዲህ ያለ መኪና ስትመጣ በአካልዋ የምትከፍለውን ዋጋ ማንም በደረሰኝ ላይ አይጽፈውም።

ዕቃው ከተገጠመ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አስረው የሚይዙት የታጠፉ ብረቶች አዲሱ ባሌስትራ ቦታውን ሲይዝ ይላላሉ። ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ይታዩ። ከደሴ ጋራዥ ወጥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የገባ መኪና፣ ጥቂት ቀን በየቀበሌው ከዞረ ይህን ያህል ይደርሳል። የሚያጠብቀው ሰው ስም፣ የሚያጠብቅበትም የኪሎ ሜትር ቁጥር፣ በሥራ ትእዛዙ ላይ ከእርስዎ ፊርማ በላይ ይጻፍ።