እምቦጭን መለየትና መግታት፦ ከጣና የተገኘ ትምህርት ለኩሬዎቻችን



ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ውኃ በአብዛኛው ወደ ተከዜ እንጂ ወደ ጣና አይፈስም። ታዲያ ስለ ጣና አረም እዚህ መናገር ለምን አስፈለገ? እምቦጭ የሚጓዘው ወንዝ ተከትሎ ብቻ ስላልሆነ ነው። በጀልባ፣ በመረብ፣ በጫማ ላይ በደረቀ ጭቃ፣ አንዳንዴም በአበባው ውበት በተማረከ ሰው እጅ ይጓዛል። ለመስኖና ለከብት ውኃ የምንቆፍራቸው ኩሬዎች ደግሞ ለእርሱ የተመቹ ናቸው።

የእምቦጭ መነሻ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በጣና መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በጣና ይበልጥ የጸናው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። በዚያ ውኃው ጥልቀት የለውም፤ እንደ መገጭና ርብ ያሉ ወንዞችም ከየማሳው የታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ እያመጡ አረሙን ይመግቡታል።

የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፤ ቅጠሉ ክብና አብረቅራቂ፣ የቅጠሉ አገዳ እንደ ፊኛ ያበጠ፣ ሥሩ እንደ ጥቁር ላባ የተንዠረገገ ነው። አበባው ሐምራዊ ሲሆን በላይኛው ገጹ ላይ ቢጫ ነጥብ አለበት። ከውኃ በታች ተሰውረው የሚያድጉት አገር በቀል ዕፅዋት ግን የዓሣ መጠለያ ናቸው፤ ደንገልም የታንኳ መሥሪያ ነው። አረም ናቸው ብሎ እነዚህን መንቀል ሌላ ጥፋት ነው።

እኔም የተሳሳትሁበት ጊዜ አለ። ከተማሪዎች ጋር ለአረም ነቀላ ወርደን ቀኑን ሙሉ ደክመን፣ የነቀልነውን ከውኃው አፋፍ ከምረን ደስ ብሎን ተመለስን። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሞልቶ ክምሩን መልሶ ወሰደው። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ «ልጄ፣ አረሙን አጓጓዛችሁት እንጂ መቼ አጠፋችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። አረሙ ሳያብብ ይነቀል፤ ዘሩ በደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላልና። የተነቀለው ውኃ ከማይደርስበት ከፍታ ተወስዶ ይድረቅ፤ ከዚያም ይቃጠል። ኬሚካል ሰውና ከብት በሚጠጡት ውኃ ላይ አደገኛ ነው፤ በጅምላ የሞተው አረምም ሲበሰብስ የዓሣውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እምቦጭን ብቻ የሚመገቡ ጥንዚዛዎች ተለቀው ጥሩ ውጤት ታይቷል፤ ይሁን እንጂ ይህ በባለሙያ ጥናትና በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ እንጂ በግል የሚሞከር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን በኩሬያችሁ አንዲት እንግዳ ተንሳፋፊ ተክል ስታዩ ነገ እነቅላታለሁ አትበሉ። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዛሬ በአንድ እጅ የሚነሣው፣ ሲውል ሲያድር የአገር ሙሉ ሰው የሚጠራበት ዘመቻ ይሆናል። ጣና ይህን በብዙ ድካም አስተምሮናል፤ ኩሬዎቻችን ትምህርቱን እንደገና ሊከፍሉበት አይገባም።