ትዝታና የሜጀር መሰላል

(ማሲንቆ ዝግ ብሎ ይሰማል፤ ከንግግሩ ሥርም ይቀጥላል።)

በጎንደር ከተማ ሲመሽ አዝማሪው የፈረስ ጭራ አውታሩን በደጋኑ እያሻሸ ትዝታን ሲጀምር የምንሰማው ዜማ፣ ፈረንጆች ሜጀር ከሚሉት የድምፅ መሰላል ጋር የቀረበ ዝምድና አለው።

ሜጀር ከዶ ተነሥቶ በሬ፣ በሚ፣ በፋ፣ በሶል፣ በላና በሲ አልፎ ከላይኛው ዶ የሚያደርስ ሲሆን፣ ከሚ እስከ ፋና ከሲ እስከ ዶ ያለው ርቀት ግን የሌሎቹ እርከኖች እኩሌታ ብቻ ነው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት እነዚህኑ ፋንና ሲን ትቶ በቀሩት 5 ድምፆች ስለሚጸና፣ ጠባቡ እርከን ከውስጡ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ያ የተረጋጋ፣ የማይቸኩል ጠባዩም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከዚህ የመነጨ ነው።

መሠረታዊው ኮርድ ማለት ከሜጀር መሰላል አንድ ድምፅ እየዘለሉ 3 ድምፆችን በአንድነት ማሰማት ነው። በትዝታ የተቃኘ ክራር የያዘ ሰው ዶን፣ ሚንና ሶልን አብሮ ቢነካ ብሩሁን የሜጀር ኮርድ፣ ላን፣ ዶንና ሚን ቢነካ ደግሞ ኀዘን ያዘለውን የማይነር ኮርድ ያገኛል።

(ክራር፤ ሁለቱ ኮርዶች በየተራ።)

ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ሌላ እንዲህ ያለ ኮርድ ከ5ቱ አይወጣም። ፒያኖ ትዝታን ሲያጅብ ሶልን፣ ሲንና ሬን ቢያስተባብር፣ ሲ ከቅኝቱ ውጭ ነውና ጆሮ እንግዳ ድምፅ መግባቱን ወዲያው ያውቃል።

አቋቋም የተባለው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት በሚመሰከርበት በጎንደር በአታ ለማርያም ደብር ግን ሊቃውንቱ የቅዱስ ያሬድን ዜማ፣ በግዕዝም ሆነ በዕዝል ወይም በዓራራይ ስልት፣ ያለ ኮርድ፣ ሁሉም በአንድ ዜማ ተባብረው ያደርሱታል።