የተበከለ አፈር በከሰልና በኮምፖስት ሲታከም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





የምሥረታ በዓል ሲከበር የተሸጠው ምርትና የተከፋፈለው ትርፍ መነሳቱ የተለመደ ነው። ምርቱ የበቀለበት አፈር ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም። አፈር በጎርፍ ሲሸረሸር በዓይን ይታያል። በከባድ ብረታ ብረት ሲበከል ግን መልኩም ሆነ ሽታው ላይለወጥ ይችላል።

በአዲስ አበባ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር ለአሥርት ዓመታት አትክልት ያለሙ አርሶ አደሮች ያጋጠማቸው ይኸው ነው። ከቆዳና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ ከጋራዦችና ከመኖሪያ ቤቶች የወጣው ፍሳሽ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም በመስኖ ወደ ማሳው ገባ። ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ እርሳስና ዚንክ አፈሩ ውስጥ ቀሩ። ተመራማሪው ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በከተማዋ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች የያዙትን ብረታ ብረትና በጤና ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት መርምረዋል። ሰላጣና ቆስጣ ካድሚየምን ወደ ቅጠላቸው በቀላሉ ይስባሉ፤ ወደ ቲማቲም ፍሬ የሚደርሰው ግን ያነሰ ነው። እንግዲህ ለምለም ጎመን ሁሉ ንጹሕ ጎመን አይደለም። ሸማቹ «ይህ ጎመን በየትኛው ውሃ ነው የበቀለው?» ብሎ ከጠየቀ መልስ መስጠት ያለበት አምራቹ ሲሆን፣ ውሃውን ያበከለው ግን ገበያው ላይ የለም።

ነገሩ ሲከፋ ምን ያህል እንደሚደርስ የጃፓን ገበሬዎች አይተውታል። በቶያማ ግዛት በጂንዙ ወንዝ ዳር የሩዝ ማሳዎች ከላይ ካለው የካሚዮካ ማዕድን በወረደ ካድሚየም ተበክለው፣ ሕዝቡ አጥንት በሚያልፈሰፍስና ኩላሊት በሚጎዳ በሽታ ተሠቃየ። መንግሥት የበሽታውን መንስኤ በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ በኋላ ከ860 ሄክታር በላይ ማሳ አፈሩ እየተተካ እንዲታደስ ተደረገ፤ ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን ከሠላሳ ዓመት በላይ ወስዷል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ያገኙት ስምምነት ነው። በየዓመቱ ባለሙያ ይዘው ማዕድኑ ድረስ ገብተው ፍሳሹን የመመርመር መብት አገኙ። የብክለቱ ምንጭ ሳይደፈን አፈር መቀየር ከንቱ ድካም እንደሆነ ገብቷቸው ነበር።

አፈር ገልብጦ መተካት ለአነስተኛ አርሶ አደር የማይታሰብ ነው። ባዮቻርና ኮምፖስት ተስፋ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ባዮቻር የቡና ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ ወይም ሌላ ተረፈ ምርት አየር በታፈነበት እሳት ከስሎ የሚገኝ ከሰል ነው። በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ የአፈርን አሲዳማነትም ይቀንሳል። በዚህም ካድሚየምና ዚንክ ከከሰሉ ጋር ይጣበቁና ሥር በቀላሉ የማያገኛቸው ይሆናሉ። ኮምፖስት ደግሞ ለሰብሉም ለአፈር ውስጥ ነፍሳትም ምግብ ይሰጣል፤ ከሰል ብቻውን ይህን አያደርግም። ብረቱ ግን ከአፈሩ አይወጣም፤ ባለበት ይታሰራል እንጂ።

ሁሉም ብረት አይታሰርም። ሉክ ቢዝሊና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከሰል የተጨመረበት አፈር በውሃው ውስጥ የያዘው ካድሚየም ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። በዚያው አፈር ላይ ግን መዳብና አርሴኒክ በከሰሉም በኮምፖስቱም ምክንያት ከ30 እጥፍ በላይ ጨመሩ። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ሳይታወቅ ከሰል መበተን፣ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው። እርሳስ በበዛበት ቦታ የተከሰለ አጥንት ይጠቅማል፤ በአጥንቱ ያለው ፎስፌት እርሳሱን ስለሚይዘው። በአገራችንም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ከተከሰለ አጥንት ማዳበሪያ ማዘጋጀት ላይ ሠርቷል። በየቄራው የሚጣለው አጥንት ዋጋ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

ወደ መጠኑ ስንመጣ፣ የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ወደ 2,500 ቶን ይመዝናል። ከዚህ 2 በመቶ ከሰል ለመጨመር 50 ቶን፣ ማለትም 500 ኩንታል ያስፈልጋል። ለሩብ ሄክታር 125 ኩንታል ከሰል ሲሆን፣ ይህን ለማግኘት 400 ኩንታልና ከዚያ በላይ ደረቅ ተረፈ ምርት መክሰል አለበት። ለአንድ አባወራ ከአቅም በላይ ነው፤ የቡና ገለባ ከሚከማችበት ቦታ በመኪና ማመላለስ ለሚችል ዩኒየን ግን አይከብድም። ለዚህ ተብሎ ዛፍ መቁረጥ ደግሞ አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል ይሆናል። ከከተማ ቆሻሻ የሚዘጋጅ ኮምፖስትም ባትሪና ቀለም ከተቀላቀለበት ራሱ ብረት ይዞ ይመጣል፤ በምንጩ ያልተለየ ቆሻሻ ወደ ማሳ ባይገባ ይመረጣል።

በመረሬ አፈር ላይ ከከሰሉ የሚጠበቀው ለውጥ ከቀይ አሲዳማ አፈር ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ መረሬው ከመጀመሪያውም አሲዳማነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ። ስለዚህ ሥራው በትንሽ መደብ ቢጀመር ይሻላል። አስቀድሞ የአፈሩና የመስኖ ውሃው ናሙና ላቦራቶሪ ይላካል። መደቡ ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ ከኮምፖስት ጋር የተብላላ ከሰል ይገባል፣ ሌላው እንዳለ ይተዋል። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቆስጣ ይዘራና በአጨዳ ጊዜ የሁለቱም ቅጠል በየፊናው ታሽጎ ለምርመራ ይላካል።