አንድ ኳስና ስልሳ ልጆች
የሰውነት ማጎልመሻን በጨዋታ ስለ ማስተማር
(ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለጉባኤ ተጠሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከየጉባኤው «ለትምህርት ቤቶቹ ኳስ እንላክ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይደርሰናል። ስለ መልካም አሳባችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ዛሬ ግን ከኳሱ ስለሚቀድመው ነገር ልንነግራችሁ እንወዳለን፤ ይኸውም አንድም ልጅ ከዳር ተቀምጦ የማይቀርበትን ጨዋታ ስለ ማዘጋጀት ነው።

በገጠር ባሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል ስልሳና ከዚያም በላይ ልጆች ይማራሉ። እስቲ አብረን እናስላ። የትምህርቱ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። መምህሩ 60 ልጆችን በአንድ ሰልፍ አቁሞ አንዷን ኳስ በየተራ ቢያስመታ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። እነዚያኑ ልጆች ስድስት ስድስት አድርጎ በዐሥር ቡድን ቢከፍላቸውና ለየቡድኑ አንድ የጨርቅ ኳስ ቢሰጥ ግን፣ ለእያንዳንዱ ከ6 ደቂቃ በላይ ይደርሰዋል። የጨርቅ ኳስ ደግሞ ከአሮጌ ካልሲና ከቁራጭ ጨርቅ ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። «ውሃ የሚቀዳና ከብት የሚጠብቅ የገጠር ልጅ መች ያርፍና ነው?» ትሉን ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን ጀሪካን ተሸክሞ ረጅም መንገድ መሄድ መወርወርን፣ መቅለብን፣ ዘሎ በደኅና ማረፍን፣ ድንገት ዞሮ መሮጥን አያስተምርም። ከጓደኛ ጋር ተስማምቶ ደንብ ማክበርንም አያስተምርም። እነዚህን ልጅ የሚማረው በጨዋታ ነው።

ነገር ግን ጨዋታም ቢሆን ልጅን ሊያገልል ይችላል። «የተያዘ ይውጣ» የሚለውን የአባሮሽ ደንብ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ የሚያዘው ማን ነው? ሩጫ የማይሆንለት፣ ከሕመም ያገገመ፣ እግሩ የሚያነክስ፣ ወይም ረጅም ቀሚስ የሚጠልፋት ልጅ ናት። እንግዲህ ልምምዱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ልጅ ከሁሉ በፊት ወጥቶ ይቀመጣል፤ ፈጣኑ ግን እስከ መጨረሻው ይሮጣል። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም ደካማው ልጅ «እኔ ለጨዋታ አልሆንም» ብሎ ይቀበላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለው ልጅ በኋላ በልመናም አይመለስም።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደንቡን መለወጥ ነው። የተያዘው ልጅ ከጨዋታው በመውጣት ፈንታ ባለበት እጁን ዘርግቶ ይቁም። ያልተያዘ ጓደኛው እጁን ሲነካው ተፈትቶ እንደገና ይሩጥ። አባራሪዎቹም ሦስት ወይም አራት ይሁኑ፤ በየሁለት ደቂቃውም ይለወጡ። ያን ጊዜ የሚቀመጥ አይኖርም፤ ፈጣኑም ልጅ ፍጥነቱን ሌላውን ለማስፈታት ያውለዋል።

ጨዋታዎቹን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም፤ ልጆቹ ራሳቸው ያውቋቸዋል። ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ በተሰመረ መስመር በአንድ እግር እየዘለሉ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል። ገመድ ዝላይ ልብንና ሳንባን ያበረታል። በጠጠር የሚጫወቱት ቅልብልቦሽ ዓይንና እጅን ያስተባብራል። የመምህሩ ድርሻ ልጆቹ በጨዋታው ውስጥ ምን እንደሚማሩ ማወቅና ያንኑ መከታተል ነው። ማን አሸነፈ ከማለት ይልቅ «ሲያርፍ ጉልበቱን ያጥፋልን? ኳሱ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናልን?» ብሎ ይመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1982 ዴቪድ በንከርና ሮድ ቶርፕ የተባሉ የእንግሊዝ አገር መምህራን አንድ ጠቃሚ አሳብ ጽፈዋል። ትምህርቱ በደረቅ ልምምድ ሳይሆን ቀለል ባለ ጨዋታ ይጀመር፤ ልጁ ጨዋታው ሲገባው ልምምዱ ለምን እንደሚያስፈልገው ራሱ ያያል ይላሉ። ይህን በሥራ ላይ ማዋል ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ ሰውነት ይሟሟቅ፤ ከዚያ ጨዋታው ይጀመር። ጥቂት እንደ ተጫወቱ መምህሩ ያስቁማቸውና «ሳትያዙ ለማምለጥ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጆቹ ይመልሱ፤ መልሱን አንድ ጊዜ ይለማመዱት፤ ከዚያም ወደ ጨዋታው ይመለሱ። በመጨረሻ ቀስ ብለው እየተራመዱ ይረፉ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። ከጨዋታው በፊት ሜዳውን ዞራችሁ ተመልከቱ፤ ድንጋይ፣ ጉቶና የተሰበረ ጠርሙስ ይነሣ። ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ይሁን፤ የሚጠጣ ውሃም ይዘጋጅ። ምግብ ሳይቀምስ የመጣውን ልጅ በሩጫ አታስጨንቁት። ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ ጋር መጫወት ካፈሩ በራሳቸው ቡድን ይጀምሩ፤ ሜዳውን ግን እኩል ያግኙ። ዓይኑ ለማያይ ልጅ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጠጠር ጨምራችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ሲንከባለል ድምፁን ሰምቶ ይከተለዋል። መሮጥ ለማይችለው ልጅ ተቀምጦ የሚቀልብበትን የክብ ጨዋታ አዘጋጁለት። ነጥብ እንዲመዘግብ ብቻ አታድርጉት፤ እርሱም መጫወት ያምረዋልና።

የጉባኤ ወገኖቻችን ሆይ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ባጸደቀውና በ2015 ባሻሻለው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ የሁሉም ሰው መሠረታዊ መብት መሆኑን አስታውቋል። ሁሉም ሲባል ጎበዞቹ ብቻ ማለት አይደለም። ስለዚህ ለመርዳት ስታስቡ ከኳስ ጋር ገመድን፣ የሜዳ ጠረጋን፣ ከሁሉም በላይ ለመምህራን ጥቂት የሥልጠና ቀናትን አስቡ። ኳስ አርጅቶ ይቀደዳል፤ ሠልጥኖ የተመለሰ መምህር ግን በየዓመቱ የሚመጡትን ልጆች ሁሉ ያጫውታል።

ትምህርት ቤት ለመጎብኘት ስትሄዱም የሚሮጡትን አይታችሁ ብቻ ደስ ብሏችሁ አትመለሱ። ከዳር የተቀመጡት ስንት እንደ ሆኑ ቁጠሩ፤ ለምን እንደ ተቀመጡም መምህሩን በትሕትና ጠይቁት። ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩልን። ከዚያ ቁጥር ተነሥተን የሚቀጥለውን የሥልጠና አሳብ አብረን እናወጣለን።